ምሽግ በጎጃም

የጣሊያን ጦር ጎጃምን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጥሮ ነበር፤ ከምሽጉ አጥር ውጭ ያለው ሲቀር። አሠራሩ የረቀቀ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ዳንግላ ምሽግ ይሠራል። ምሽግ ወታደር ይፈልጋል፤ ወታደር ስንቅ፣ ስንቅም አጃቢ። አጃቢው ደግሞ ይበላልና ለእሱ ሌላ ስንቅ፣ ለዚያም ሌላ አጃቢ ይታዘዛል። በላይ ዘለቀንና ሌሎች አርበኞችን የመሰሉ ደጎች መንገድ ላይ እየጠበቁ ሸክሙን ያቃልሉለት ነበር፤ ለዚህ አገልግሎት ከሮም ኒሻን የተላከላቸው አይመስልም።

በ1933 ዓ.ም. 2,000 ገደማ የሚሆነው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ከአርበኞች ጋር ሲቃረብ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የጣሊያን ሠራዊት ደብረ ማርቆስን ከእሱ ጋር ለተባበሩት ለጎጃሙ መስፍን ለራስ ኃይሉ አደራ ብሎ ዓባይን ተሻገረ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ገቡ። ሠራዊቱ በግንቦት አጊባር ላይ እጁን ሰጠ፤ ስንቁን የማቅረቡ ጣጣም የማራኪዎቹ ሆነ።