ነገረ አርጃኖ ዘዓለም ጤና

ከሞጆ ወደ መቂ ሲወርዱ በምትገኘው በዓለም ጤና፣ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ስለ አርጃኖ የሚያስተምር ሊቅ ስለ ሆነ፣ እኔም ከእናቴ ዶሮ ቤት ደጃፍ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የመረመርሁትን ከዚህ ቀጥሎ ለማተት ደፈርሁ።

ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1766 በዐባይ ስም የሰየመው ይህ ፍጥረት፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 2 ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ግን ቆመው የለኩት እንጂ ሸሽተው የለኩት አይደለም። ጎረቤታችን ያዩት ለት በበራቸው ላይ 3 ክንድ የነበረው፣ እኛ ግቢ ሲደርሱ 5፣ በማግሥቱ ከማኅበር ጠላ ላይ 8 ክንድ ሆኗል።

አንድ የመስከረም ጧት ከውኃ በርሜሉ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ተገናኘን። ለሁለት የተሰነጠቀ ምላሱን እያወጣ እየከተተ ጠረኔን ሲመረምር፣ እኔም በመነጽሬ ስመረምረው ቆየን፤ ጎኑን ነፍቶ ጅራቱን እንደ ጅራፍ ባወናጨፈ ጊዜ ግን ጥናቴን ከጣራ ላይ ቀጠልሁ።

ወደ ዶሮ ቤት ስለ ምን ይመጣል ቢሉ፣ አንድም የውኃ ዳሩ ቁጥቋጦ የቲማቲምና የሽንኩርት እርሻ እየሆነ ስለ ሄደ ነው፤ አንድም እንቁላል ስለሚወድ ነው። ሁለተኛው ትርጓሜ እጅግ ቀላል በመሆኑ ሊቃውንት አይወዱትም።

ዋናው ነገር ግን እናቴ በየማታው በከሰል ግድግዳ ላይ ታሰፍረው ከነበረው የእንቁላል ቁጥር ተገኘ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አንድ እንቁላል አልጎደለም፤ ረቡዕና ዓርብም አይጎድልም፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ጾም በሌለበት ወራት ግን፣ ረቡዕ አልቀረ ዓርብ አልቀረ ይጎድላል። ስለዚህ አርጃኖ፣ ምንም እንኳ ኦሪት በደረት የሚሳበውን ሁሉ ርኩስ ብትለው፣ ጾመኛ መሆኑ ያለ ጥርጥር ታወቀ። የሌላ አገር አርጃኖ እንቁላልን ከነቅርፊቱ ሲውጥ፣ የእኛው ቀቅሎና ልጦ ቅርፊቱን ከጎተራው ጀርባ በሥርዐት ይቀብራል።

ሌሊት ሌሊት ዶሮ ቤቱን በመጠበቅ የረዳኝ ታናሽ ወንድሜ ይህን ሁሉ አንብቤለት ሳበቃ፣ «ጋሼ፣ ስለ ሚጥሚጣው ግን አይጻፉ» ብሎ ስለ ለመነኝ፣ ስለ ሚጥሚጣው አልጽፍም።