ሞተርዎን ይውቀሱ

በሞቶክሮስ ውድድር ከኋላ ተሰልፈው ከጨረሱ፣ የራስ ቁርዎን ሳያወልቁ ወደ ሞተርዎ ጎንበስ ይበሉ። የኋላውን ጎማ በጫማዎ ጫፍ መታ መታ ያድርጉ፤ ካቴናውን በሁለት ጣት ከፍ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ራስዎን በቀስታ ይነቅንቁ። እርስዎ መጀመር የለብዎትም። ከአጠገብዎ የቆመው ሞተረኛ ራሱ "ምን ሆነብህ?" ይላል። ያኔ "ከመሃል በላይ ጋዝ ስሰጠው አይጎትትም" ይበሉት። መልሱ የተመረጠው እዚያው ቆሞ ሊፈትሸው የሚችል ሰው ስለሌለ ነው። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" የሚል ምቀኛ ከመካከል ቢነሳ አይስሙት። ሞተር አፍ የለው፣ አይከራከር፤ ለተወቃሽነት ከዚህ የተሻለ ብቃት ከየት ይመጣል?

ዘዴው እንዲሠራ ግን አንዳንድ ታሪኮችን ከዓይንዎ ማራቅ ይኖርብዎታል። ከሁሉም በፊት የሪኪ ካርማይክልን። ይህ አሜሪካዊ ከ2000 እስከ 2006 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአገሩን የሜዳ ሞቶክሮስ ትልቁን ማዕረግ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሲወስድ መጀመሪያ ካዋሳኪ፣ ቀጥሎ ሆንዳ፣ በመጨረሻም ሱዙኪ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ2002 ባለ ሁለት ምት 250 ሲሲ ሆንዳ ይዞ 12 የውድድር ቀናት፣ በቀን ሁለት ሩጫ፣ ሃያ አራቱንም አሸነፈ። በ2004 ከሥሩ ያለው ሞተር ባለ አራት ምት 450 ሲሲ ሆነ፤ ድምፁ ሌላ፣ ጉልበቱን የሚያወጣበት መንገድ ሌላ። ውጤቱ ግን ያው 24 ከ24። እንዲህ ያለ ሰው ለመለዋወጫ ንግድ ፀር ነው። በ2008 ጄምስ ስቱዋርት በካዋሳኪ፣ በ2023 ደግሞ ጄት ሎውረንስ በሆንዳ አንድም ሩጫ ሳይሸነፉ ወቅቱን መጨረሳቸውንም ሰምተው እንዳልሰሙ ይሁኑ።

ካርማይክልና ስቱዋርት አልዶን ቤከር የሚባል አንድ ደቡብ አፍሪካዊ አሠልጣኝ እንደነበራቸው ከነገሩዎትማ ጆሮዎን ይያዙ። ሰውዬው ገንዘብ የሚቀበለው ሻምፒዮኖቹን ብስክሌት ለማስነዳት ነበር። ሞተር የሌለው ብስክሌት! ጤነኛ ሰው ለዚህ ገንዘብ ያወጣል?

ይልቅ የበረሃውን የዳካር ራሊ ይጥቀሱ። ከ2001 እስከ 2019 በሞተር ሳይክል ዘርፍ ከኬቲኤም በቀር ያሸነፈ የለም፤ ውድድሩ የተሰረዘበትን 2008ን ትተን 18 ድል በተከታታይ ማለት ነው። ይህን በጋራዥ ውስጥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ። አንድ ነገር ብቻ አይጨምሩበት፤ በዚያው በረሃ አርባኛና ስድሳኛ የወጡትም ብዙዎቹ ኬቲኤም ነበር የነዱት። ከ2005 እስከ 2015 ደግሞ ድሉን አምስት አምስት ጊዜ የተካፈሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፈረንሳዊው ሲሪል ዴፕሬ እና ስፔናዊው ማርክ ኮማ። አሸናፊው የኬቲኤም ብርቱካናማ ቀለም ቢሆን ኖሮ ዕጣው ለሌላውም በደረሰ።

እውነቱን ለመናገር ሰበብ ፈላጊው ባዶ እጁን አይቀርም። ዴፕሬ በ2014 ወደ ያማሃ ሲሻገር አራተኛ ወጣ፤ ኮማ በኬቲኤሙ አንደኛ። በ1973ም ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ቤልጅጋዊው መሐንዲስ ሉሲየን ቲልኬንስ ያፈለቀውን ባለ አንድ ሾክ የኋላ አሠራር ያማሃ ገዝቶ ስለገጠመለት ነው። ሌላው ሞተረኛ በሁለት አጫጭር ሾኮች እየተንገጫገጨ የሚያልፈውን ጉድጓድ አንደርሰን ጋዝ ሳይቀንስ ነበር የሚያልፈው። አሜሪካኖች በበኩላቸው የፋብሪካ ቡድኖች ለአንድ ሰው ብቻ በእጅ እየሠሩ የሚያመጧቸውን ልዩ ሞተሮች በ1986 የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። እኩል የሚነዱ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ብረቱ ይለያቸዋል። እርስዎ እኩል የሚነዱት ከማን ጋር እንደሆነ ግን እዚህ ባናነሳው ይሻላል።

አሁን አደጋው ያለበት ቦታ ደርሰናል። ኪሱ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው አንድ ቀን ያጋጥምዎታል። ሞተርዎን ማቆሚያ ላይ ያወጣና የኋላውን ጎማ አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ከጎማው መሃል ካለው ብሎን ቀጥ አድርጎ እስከ ኋላው ጭቃ መከላከያ ይለካል፤ ይጽፋል። ቀጥሎ እርስዎን ከነጫማዎ፣ ከነራስ ቁርዎ፣ ከነደረት መከላከያዎ ሞተሩ ላይ ያስቀምጥዎትና ያንኑ ቦታ እንደገና ይለካል። በትልልቆቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች የሁለቱ ልዩነት 100 ወይም 105 ሚሊ ሜትር አካባቢ ካልሆነ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ በላይ ከሰመጠ ፊተኛው ጎማ ይቀልና ኩርባ ላይ አልታጠፍ ይላል። ከዚያ በታች ከቀረ ደግሞ ቀጥታው ላይ ፈጠን ሲሉ መሪው ግራ ቀኝ መወራጨት ይጀምራል። ፋብሪካው ሞላውን የሚገጥመው አንድ መካከለኛ ሰው በሐሳቡ ይዞ ነው፤ ያ ሰው እንደ እርስዎ ጥሬ ሥጋ አይወድም።

ይህን ሰውዬ ይሽሹት። ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ቢበዛ በክብደትዎ ልክ የሆነ አንድ ሞላ ያስገዛዎታል፤ ሲጨርስም ሰበብዎን ነጥቆዎት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ኩርባው ላይ ሲወድቁ ማን ሊወቀስ ነው? የጎማ ነፋስ ለክቶ ለድንጋይና ለጭቃ የሚያስተካክለውም፣ የፍሬኑን እጀታ ጣትዎ በሚደርስበት ልክ የሚያዞረውም የዚሁ ሰው ወገን ነው። የሚሠሩት ሥራ በርካሽ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ቲታኒየም ማርሚታ ግን ይወጣል። ሲሞቅ ሰማያዊና ወርቃማ ይሆናል፤ ከሩቅ ያበራል፤ ሲነሳ ደግሞ ሰፈሩ ይሰማዋል። 450 ሲሲ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ራሱ ከ50 ፈረስ ጉልበት በላይ እንዳለው፣ እርስዎም ግማሹን ሳይነኩ ክንድዎ ደርቆ እንደሚቆሙ የሚያውቅ ሻጭ ትንሽ ፈገግ ሊል ይችላል። በጨዋነት ይለፉት። ክንድ የሚደርቀው ሞተሩን በሁለቱ ጉልበቶች መያዝ ሲገባ በመዳፍ ጨብጠው ስለሚንጠለጠሉ ነው የሚል ካለም፣ ለስለስ ያለ የእጅ መያዣ ጎማ ይግዙና አፉን ያስይዙት።

ልምምድን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ይተዉት። በተለይ ሁለት አሮጌ ጎማዎች ሜዳ ላይ ጥሎ በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር መዞር የሚባለውን። ወደ ፊት ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ የውስጠኛውን እግር ወደ ፊት ዘርግተው የውጭውን ክርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት ግማሽ ይዘው ዓይንዎን ከፊት ጎማው ላይ አንስተው ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይወረውራሉ። እንዲህ እያሉ ከሰዓት ሙሉ። አቧራው ያፍናል፣ ፍጥነቱ የእግረኛ ነው፣ የሚያጨበጭብ የለም።

ስለ ኤርዝበርግ ደግሞ ከጠየቁኝ፣ ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ። ኦስትሪያ ውስጥ በሚገኘው በዚያ የብረት ማዕድን ተራራ 500 ሞተረኞች ይነሳሉ፤ አራት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ እላይ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ፖላንዳዊው ታዲ ብዋዙሻክ በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ አሸነፈ፤ እስከ 2011 ድረስም የሚቀድመው አልተገኘም። የመጣው ከትሪያል ነበር፤ እግር መሬት በነካ ቁጥር ነጥብ ከሚያስቀጣው፣ ፍጥነት ከማይቆጠርበት ስፖርት። ግራሃም ጃርቪስም የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በ2016 እዚያው አሸንፏል። በ2015 ደግሞ መንገዱ ከመክበዱ የተነሳ ከፊት የነበሩት አራት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሞተር እየጎተቱ ገደሉን ወጥተው መጨረሻውን አብረው ረገጡ፤ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። ያን ዕለት ገደሉ ላይ ማርሚታ የጠየቀ አልነበረም።

ወቅቱ ሲያልቅ ሞተርዎን ይሽጡና የሚመጣውን ዓመት ሞዴል ይግዙ። ገዢው ምናልባት ጢም ያላበቀለ ልጅ ይሆናል። ከነማርሚታው ቢሰጡት ደስታውን አይችለውም፤ ለብቻው ነቅለው ቢሸጡትም አይከፋውም፤ የአየር ማጣሪያውን አጥቦ፣ ሜትር ከያዘው ሰውዬ ጋር ጎንበስ ብሎ ለክቶ፣ ሜዳ ላይ ሁለት አሮጌ ጎማ ይጥላል። በሚቀጥለው ውድድር ከውስጥ በኩል ገብቶ በአዲሱ ሞተርዎ ላይ አቧራ አልብሶዎት ሊያልፍ ይችላል። እንዳይደነግጡ። ሲወርዱ ፈጥነው አጠገቡ ይቁሙ፣ እጅዎን መቀመጫው ላይ ጣል ያድርጉና ለተሰበሰበው ሰው "ይሄ ሞተር እኮ የእኔ ነበር" ይበሉ።