አጃቢ ወላጅና ፌስታሉ፦ የእንጦጦ ጉዞ ጥናት

ስለ እንጦጦ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ መጫናቸው፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተራራውን መውረሱ፣ ስመ ጥር ሯጮቻችን በማለዳ ዳገቱን ሲወጡ መታየታቸው፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በደኑ መሐል የመዝናኛ ፓርክ መከፈቱ፣ ሁሉም በየፈርጁ ተዘግቧል። አንድ ፍጡር ግን እስካሁን አጥኚ ሳያገኝ ቀርቷል፤ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ ወደ ፓርኩ የሚወጣው አጃቢ ወላጅ። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ነው።

አጃቢ ወላጅ ማለት ትምህርት ቤት የላከውን የፈቃድ ወረቀት ሲፈርም ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን ሳያነብ የፈረመ፣ ወይም ባለቤቱ አንብባ የፈረመችለት አዋቂ ሰው ነው። መምህር ስላልሆነ የሚፈራው የለም። ተማሪ ስላልሆነ ዚፕ ላይን ላይ አይንጠለጠልም። ሹፌር ስላልሆነ መንገድ ሲዘጋ የመራገም መብት የለውም። ሥልጣኑ በአንዲት ቃል የተወሰነ ነው፤ «ተቀመጡ!» ቃሏም አትሠራም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ታሪካዊ ዳራውን ማየት ደንብ ነው። ከእንጦጦ ጋር ስሙ የሚነሳው የመጀመሪያው የቡድን ሽርሽር አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብርዱን ትተው ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፤ ሥፍራው ተስማማቸው፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር አዲስ አበባ ገላውን ሊታጠብ ወጥቶ በዚያው የቀረ ቡድን የመሠረታት ከተማ ናት። የዛሬ አጃቢ ተማሪዎቹን በየሩብ ሰዓቱ የሚቆጥረው ተጠራጣሪ ስለሆነ አይደለም። የዚህች ከተማ ልጅ ስለሆነ ነው።

ቆጠራው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ እዚህ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሲነሱ 42 የነበሩ ተማሪዎች መኪና ውስጥ 41 ይሆናሉ፣ ፓርኩ በር ላይ 40 ይሆናሉ፣ ምሳ ሲቀርብ 43 ይሆናሉ። የጎደሉት ሽንት ቤት ናቸው። የተረፈው ልጅ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሆን የዩኒፎርሙ ቀለም ስለተመሳሰለና የእኛ ምሳ ስለተሻለው ነው የመጣው። በጥናቱ ሂደት እንደታዘብነው እንዲህ ያለው ልጅ ከራሳችን ተማሪዎች ይልቅ ትእዛዝ ያከብራል፤ ሲሰናበትም ያመሰግናል።

አሁን ወደ ፌስታል እንሻገር።

ከከተማው ደቡብ ተነስቶ በስድስት ኪሎ በኩል እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ለጥናታችን ብዙም አይጠቅምም። በዚህ ክፍል ልጆቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑም ሹፌሩ በፍጥነት እንዲነዳ የሚያበረታታ በመሆኑ ከትምህርት ቤቱ የደኅንነት መመሪያ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሽሮ ሜዳ ሲደረስ እናት አጃቢዎች በግራና በቀኝ የተሰቀለውን የሐበሻ ቀሚስ ለማየት ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ያቆማሉ። ይህ በዘርፉ እንደ ነውር አይቆጠርም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ዘፈኑ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ቀስ በቀስ ይከስማል። ልምድ ያለው አጃቢ ዝምታውን ሲሰማ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል።

ሳይንሱ የታወቀ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቁ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ። መኪናው ሲታጠፍ ጆሮ «እየዞርን ነው» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ዓይን በበኩሉ የፊቱን ወንበር ጀርባ እያየ «ኧረ ቆመናል» ይላል። አንጎል ሁለት የሚቃረኑ ሪፖርቶች የደረሱት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ጉዳዩ ወደማይመለከተው ክፍል፣ ማለትም ወደ ሆድ፣ ይመራዋል። በዚህ ጣጣ ከአዋቂ ይልቅ ልጆች ይጠቃሉ፤ አንገቱን አቀርቅሮ የሚያነብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በዚህ ምክንያት ስልክ ይዞ መምጣት በተከለከለበት ጉዞ ላይ መጀመሪያ የሚያስመልሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ስልክ ካልሲው ውስጥ ደብቆ የመጣው ነው። ከዚህ የተሻለ የፍተሻ ዘዴ እስካሁን አላጋጠመንም።

ፌስታሎች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ስስ ነጩ የዳቦ ፌስታል ነው። ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ የአንዱ ልጅ ቁርስ የሁሉም ዕውቀት ይሆናል። ከኋላው የተቀመጡት ሦስት ልጆችም ወዲያውኑ ፌስታል ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ጥቁሩ ፌስታል ነው። ምስጢር በመጠበቅ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ቀዳዳ እንዳለው የሚታወቀው ከአገልግሎት በኋላ ነው። ሦስተኛው ባለ ሁለት ጆሮው ባለ ሰማያዊ መስመር ፌስታል ሲሆን፣ ጆሮዎቹ ሲታሰሩ እንደ ጆንያ አፉ ግጥም ስለሚል የዘርፉ ባለሙያዎች ሁሉ ይመርጡታል። በጉዞ ቀን ግን አይገኝም።

አራተኛው ጊዜ የሚወስድ ነው። ይህ ወፍራሙ የሱፐርማርኬት ፌስታል ሲሆን፣ ጠንካራ፣ ሰፊ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ በሁሉም መመዘኛ ለሥራው የተፈጠረ ነው። ሆኖም በጭራሽ ሥራ ላይ አይውልም። ምክንያቱም ልጁን ከቤት ስትሸኝ እናቱ «ፌስታሉን እንዳትጥለው» ብላዋለች። የኢትዮጵያ እናት ወፍራም ፌስታል ከምድጃው አጠገብ፣ በሌላ ወፍራም ፌስታል ውስጥ፣ አጣጥፋ የምታስቀምጠው ቅርስ ነው። ልጁ በሕመሙ መካከል፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ፣ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ «ይሄ አይሆንም፣ የእማዬ ነው» ሲል የሰማ አጃቢ በዚህች አገር የንብረት አያያዝ ላይ ያለው ተስፋ ይታደሳል። ጃኬቱ ላይ ያለው ተስፋ ግን አይታደስም።

እዚህ ላይ የሕግ ጉዳይ ይነሳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንዴ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዓላማው የሚደገፍ ነው፤ ወንዞቻችን ምን እንደሚመስሉ የማያውቅ የለም። ይሁንና የሕጉ አርቃቂዎች ከ7ኛ ክፍል ጋር ወደ እንጦጦ ወጥተው ያውቃሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በጨርቅ ዘንቢልና በወረቀት ከረጢት የተደረጉ ሙከራዎች ውጤት አለ፤ ከምግብ በፊት ለሚያነብ ሰው ስለማይመች ትተነዋል።

ከፌስታል የማይለይ ሌላው መሣሪያ ሎሚ ነው። ሎሚ ይሸተታል፣ ይላጣል፣ ይመጠጣል፣ በመጨረሻም ይወረወራል። በአራቱም መንገድ ለታማሚው ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል፤ አራተኛው በእርግጥ ያስቃል። ከሎሚ ቀጥሎ ንጹሕ አየር ነው የሚመከረው፤ ግን በአዲስ አበባ መኪና ውስጥ መስኮት መክፈት ቀላል ውሳኔ አይደለም። አንዱ አጃቢ ይከፍታል። ሌላዋ አጃቢ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ «ኧረ ልጆቹን ንፋስ እንዳይመታቸው!» ትላለች። ረዳቱ ይዘጋል። ልጁ ያስመልሳል። መስኮቱ ይከፈታል፤ አሁን ግን ማንም ስለ ንፋስ አያነሳም። ይህ ክርክር በዚሁ ቅደም ተከተል በእያንዳንዱ መታጠፊያ ይደገማል።

ታማሚዎቹን በተመለከተ በዘርፉ ሦስት ዓይነት ይታወቃል። «ቲቸር፣ ሊያስመልሰኝ ነው» የሚለው አብሳሪ አንድ ጊዜም አስመልሶ አያውቅም። ምንም ሳይል መስኮት መስኮቱን የሚያየው ዝምተኛ ደግሞ አንድ ጊዜም አምልጦ አያውቅም። ሦስተኛው የጋቢና ዕጩ ነው። ይህ ልጅ ከፊት ሲቀመጡ እንደማያስመልስ ከአጎቱ ልጅ ሰምቷል፤ ምክሩም ትክክል ነው፤ አድማሱን የሚያይ ሰው ዓይኑና ጆሮው ይስማማሉ። ስለዚህ ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳይወጡ ሆዱን ይዞ ይቃትታል። ጋቢና ይገባል። ለሹፌሩ መንገድ ያመላክታል፣ ሬዲዮውን ይነካካል፣ ጡሩምባ ይለምናል። ከኋላ ያሉት እያስመለሱ ሳለ እሱ ሱንቡሳ ይበላል። በጥናቱ የተካተቱ መምህራን ሁሉ ይህን ልጅ ይወድዱታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሲጠየቁ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ስለ ፓርኩ ብዙ የምንለው የለም፤ አጃቢው ስለማያየው። አጃቢ ፓርክ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ማንጠልጠያ ነው። ጠዋት «ብርድ ነው፣ ልበሱ!» ተብለው በግድ የለበሱት ሹራብና ጃኬት እኩለ ቀን ላይ በሙሉ እሱ ክንድ ላይ ይሰበሰባል። ተራራው ከ3000 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሯጮች የሚለማመዱበትም ለዚሁ ነው። መረጃው ለ7ኛ ክፍል አልደረሰም። ልጆቹ ከጎ ካርቱ ወደ ፈረሱ፣ ከፈረሱ ወደ ዚፕ ላይኑ በሩጫ ያቋርጣሉ። መረጃው የደረሰው አጃቢ ጃኬት ተሸክሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ እየሳበ ከኋላ ይከተላል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎና ቀጥኖ ስለሚያድግ ከጀርባው ልጅ ሊደበቅ አይችልም የሚል ሐሳብ በአንዳንዶች ዘንድ አለ። ሐሳቡ ተፈትኖ ወድቋል።

ምሳን በሚመለከት አስተዋይ ትምህርት ቤት ጉዞውን ረቡዕና ዓርብ አያደርግም። ሐሙስ ሲሆን ጾም የለም፤ ምሳ ዕቃው ሁሉ ሣር ላይ ይከፈታል፤ ፓስታ በእንጀራ፣ ድርቆሽ ፍርፍር፣ ቁርጥራጭ ዳቦ በማርማላታ። ገበያው በሦስት ደቂቃ ይሟሟቃል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሥጋ ሥጋውን ለይተው ድንቹን ይለዋወጣሉ፤ ማንም አዋቂ ሳያስታውሳቸው።

አንድ የመጨረሻ ምድብ ይቀራል፤ የአጃቢው የራሱ ልጅ። ከ42ቱ መካከል አጃቢውን የማታውቀው ብቸኛዋ ተማሪ የራሱ ልጅ ናት። ሌሎቹ «ጋሼ ውሃ»፣ «ጋሼ ጫማዬን እሰርልኝ» ይሉታል። እሷ በአጠገቡ ስታልፍ ወደ ሰማይ ታያለች። ስሟን ከጠራ፣ ያውም በቤት ስሟ፣ እስከ ክረምት የሚዘልቅ ቅያሜ ይከተላል። ይህ ሁኔታ ያለ ለውጥ እስከ መልሱ ጉዞ ይቀጥልና ቁልቁለቱ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ሳይደረስ፣ ከአምስተኛው ወንበር ተነስታ መጥታ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። አትናገርም። እሱም አይጠይቅም፤ ቀኑን ሙሉ ከሁሉም ደብቆ ያቆየውን ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል ያወጣል።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ምድቦች፣ ማለትም የእንቅልፋሞችን ዝርዝር፣ የጠፉ ምሳ ዕቃዎችን ክፍፍልና በር ላይ ዘግይተው የሚመጡ ወላጆችን ደረጃ፣ ለማዘጋጀት ታስቦ ነበር። አጥኚው ደክሞታል፤ ጃኬቶቹም ገና ለባለቤቶቻቸው አልተመለሱም።

ስለዚህ ለወላጆች አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርበን እንሰናበታለን። በጉዞ ቀን ጠዋት ለልጅ ቁርስ ዳቦና ሻይ ይበቃል። እባካችሁ፣ እንቁላል ፍርፍር አትስጡብን።