የስሙ መጨረሻ

ከጎረቤቴ እናት ጋር የሚለየን ግድግዳ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርተውኝ «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብለው የሞርጌጅ ወረቀታቸውን ሰጡኝ። ለቤት ግብርና ለኢንሹራንስ በየወሩ የሚያስቀምጡት ገንዘብ፣ ኤስክሮ የምንለው፣ ወለድ ታስቦለታል። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ቤቴ ገብቼ የራሴን ፋይል አገላበጥኩ። ሰባራ ሳንቲም የለም።

የሜሪላንድ ሕግ ለዚህ ገንዘብ ወለድ ይከፈል ይላል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በዝናብ ባልቲሞር ወደሚገኘው የስቴቱ የባንክ ተቆጣጣሪ ቢሮ ሄድኩ። አቤቱታ ተቀባይዋ ገና ወረቀቱን ሳልዘረጋ እስክሪብቶዋን በባንኬ ስም መጨረሻ ላይ አሳረፈች፦ «ኤን ኤ»፤ ሁለት ፊደል፣ ከጉንዳን የማትበልጥ። ብሔራዊ ባንክ ነው ማለት ነው፤ ፈቃዱም ተቆጣጣሪውም የፌዴራል። የጎረቤቴ አበዳሪ ግን ፈቃዱን ያወጣው ከስቴቱ ነው።

የስቴት ሕግ እንዲህ ያለውን ባንክ ያዛል ወይ የሚለው ጠብ የቆየ ነው፣ ያውም የዚያችው የባልቲሞር። ሜሪላንድ በ1818 ፌዴራል መንግሥቱ ባቋቋመው ባንክ ላይ ግብር ጣለች፤ የባልቲሞር ቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ጄምስ ማኩሎክ አልከፍልም አለ። በ1819 ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ለባንኩ ፈረዱ። ፕሬዝዳንት ሊንከን ደግሞ በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ የብሔራዊ ባንኮችን ሕግ ፈረሙ።

ሃምሳ ስቴት ሃምሳ ዓይነት ሕግ ቢያወጣበት አንድ ባንክ እንዴት ይሠራል ለሚለው መልስ የለኝም፤ ክርክሩ ይገባኛል። የማይገባኝ የ2004ቱ ነው። ስቴቶች ተበዳሪን ከዘራፊ ብድር ለመጠበቅ ሕግ ሲያወጡ፣ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ከሕጎቹ አብዛኛው ብሔራዊ ባንኮችን አይመለከትም የሚል ደንብ አወጣ። አራት ዓመት ሳይሞላ በየሰፈራችን ቤት በሐራጅ ይሸጥ ጀመር። በዚያ ሰዓት አንድም ጠባቂ መቀነስ አልነበረበትም።

የእኔው ጉዳይ አምሳያም በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኒውዮርክ ለኤስክሮ ቢያንስ 2 በመቶ ይከፈል ትላለች፤ ባንኩ አይመለከተኝም አለ። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ፣ የስቴቱ ሕግ የባንኩን ሥራ ምን ያህል እንደሚያደናቅፍ በደንብ ይመዘን ብለው ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሱት።

ማመልከቻዬን ወደ ዋሽንግተን፣ ለፌዴራሉ ተቆጣጣሪ፣ ልኬአለሁ። ባለፈው ወር ብድሬ ለሌላ ድርጅት መሸጡን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ፖስታውን ቀድጄ፣ ቆሜ፣ የስሙን መጨረሻ ፈለግሁ።