የአያ ጅቦ መዋጮ

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

ኮልፌ አጠና ተራ የሚኖሩ እንስሳት እድር ነበራቸው። የሰው እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ የእነሱ ሥራ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ከመካከላቸው የሞተ እንደሆነ ጧት እስኪቀበር ድረስ ሌሊቱን ከበው መጠበቅ። ከወጨጫ የሚወርደው አያ ጅቦ የለቅሶ ቤት ብሎ አይምርማ።

መቀጫ የሚባል ነገር አልነበረም። አህያ ከአስኮ በኩል አጠና ስትሸከም ውላ ካረፈደች ማንም አይናገራትም። ጆሮዋን ጥላ ከኋላ ትቆማለች፣ አሮጌው በሬ አንዴ ዞር ብሎ ያያታል፤ በቃ። ለሚቀጥለው ለቅሶ አውራ ዶሮ ጥሩምባውን ነፍቶ ሳይጨርስ ከፊት ናት።

በኋላ እትዬ በቅሎ ዳኛ ሆነች። እናቴ ፈረስ ናት ማለት ብታበዛም ሞኝ አልነበረችም፤ መዝገብ ትወዳለች። “መገላመጥ ሥርዓት አይደለም፤ ያረፈደ 5 ብር፣ የቀረ 10 ብር” ብላ ደነገገች። ውሻ ገንዘብ ያዥ ተባለ።

በመጀመሪያው ለቅሶ ፍየል ግልገሏን ላከች። ግልገሉ ብሩን በጥርሱ ነክሶ መጣና፣ “እማዬ ቀሪ ናት፤ ደረሰኝ ተቀበል ብላኛለች” አለ። አህያም አሰላችው፤ አንድ ሸክም አጠና 50 ብር ያስገኛል፣ መቅረት 10 ብር ነው። ቀረች፤ ጆሮዋም አልወደቀ፣ ከፍላለቻ! የእድሩ ሣጥን እየወፈረ፣ ሌሊት ከብቦ የሚያድረው እየሳሳ ሄደ። በቅሎ ሪፖርት ስታቀርብ ያነሣችው ሣጥኑን ብቻ ነው። ተጨበጨበላት።

(ተረት ነው ብሎ ለሚያልፈው፦ በእስራኤሏ ሃይፋ መዋዕለ ሕፃናት ልጃቸውን ለመውሰድ በሚያረፍዱ ወላጆች ላይ መቀጫ ቢጣል አርፋጁ ጭራሽ በዛ፤ መቀጫው ሲነሣም አልቀነሰም። ግኒዚና ሩስቲቺኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጥናቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ወላጁን ቀድሞ ያስሮጠው የነበረው መምህሯን ማፈሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ከከፈለማ ምን ያሳፍረዋል?)

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አያ ጅቦ ስብሰባው ላይ ከች አለ። አንገቱን ደፍቶ፣ “ለጠብ አልመጣሁም። የሁላችሁንም የዓመት መቀጫ በአንድ ጊዜ ልክፈልላችሁ ብዬ ነው” አለ። ውሻ መጮሁን ተወና መዝገቡን ገለጠ።

በቅሎን ላብ አጠመቃት። “መቀጫው ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል! እንደ ድሮው በይሉኝታ እንተዳደራለን!” ብላ ጮኸች።

በዚያው ሳምንት አሮጌው በሬ ሞተ። ጥሩምባ ተነፋ። የመጡት በቅሎና ራሱ ጥሩምባ ነፊው ናቸው፤ ዶሮ ደግሞ በጨለማ አያይም። በማግስቱ በቅሎ የተረፈውን ቀንድ ቀብራ ስትመለስ ፍየልን መንገድ ላይ አገኘቻትና፣ “ምነው? ምን አደረግኩሽ?” አለቻት።

ፍየል ግራ ገባት። “እንዴ እትዬ፣ መቅረት በነፃ ሆኗል ብለውን የለም እንዴ?”