ጥናቱ ተጠንቷል፤ ልማዱም ደህና ነው

እንጅባራም ተመደብ ዳንግላ፣ ለአታችመንት የምትወጣ የነርሲንግ ተማሪ ሆይ፣ ስማኝ ልጄ! ክፍል ውስጥ «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ነርሲንግ» የሚባል ነገር ተምረሃል። ደግ አደረግህ፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ዋርድ ስትገባ ግን ከማስረጃ ሁሉ የላቀውን እወቅ፦ «እኛ ስንማር እንዲህ ነበር የምንሠራው!»

የዓለም ጤና ድርጅት «አራስ ሕፃን ሳይታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ» ይላል። እንጅባራን ቢያውቁት ኖሮ እንዲህ ባላሉ። በጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ማለዳ ጋቢውን በሚያጠብቅበት ብርድ ሕፃኑ ገና እንደተወለደ ቢታጠብ ምን ይሆናል? ይጠነክራል እንጂ! ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ኤፒሲዮቶሚ በዘልማድ አትሥሩ፣ ሆድ ተጭናችሁ አታዋልዱ፣ ወላዷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ይሁን» አለ። ሰምተናል። የመረጠችው ሰው ግን በር ላይ ይጠብቅ፤ ሥርዓት ነው።

«ለምን?» ብለህ እንዳትጠይቅ። ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ላይ ጠይቆ ነበር። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ አደረገ፤ የእናቶች ሞት ቀነሰ፤ ባልደረቦቹ ግን ጠመዱት፤ በ1865 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ከታሪኩ የምንወስደው ትምህርት ታዲያ እጅ መታጠብ ሳይሆን አፍ መዝጋት ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ ወታደሮች በምን እንደሞቱ ቆጥራ፣ በሥዕል አስደግፋ ሹማምንቱን የሞገተች ሴት ናት። እኛ ሻማውን አብርተን በስሟ የተጻፈውን መሐላ እንምላለን፤ ቁጥሩን ለእሷ ትተንላታል። በየቻርቱ የሁሉም ታማሚ ትንፋሽ በደቂቃ 20 ከሆነ ምን የሚቆጠር አለ?

ምርምር ቀረብኝ ብለህም አትዘን። የመመረቂያ ርዕስህ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፦ «ነርሶች በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ አሠራር ያላቸው ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር»። የከተማውን ስም ብቻ ቀይር። መጠይቁን ማታ ዲዩቲ ላይ ላለችው ሲስተር ስጣት፤ ካኑላ ለመቀየር ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ቆም ብላ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርግልሃለች። ግኝቱ የታወቀ ነው፦ ጊዜ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ አሠራር የመቀየር ሥልጣን የለም። ከሦስቱ አንዱንም የማይሰጥ መፍትሔ ትጽፋለህ፦ «ሥልጠና ይሰጥ»። ዲፌንስ ታልፋለህ፤ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሲስተር ለሚቀጥለው ዓመት መጠይቅ እስክሪብቶ ታዘጋጃለች።

አንዳንድ የዋሆች ታዲያ ሌላ ነገር ያወራሉ። ተማሪው ከተመደበበት ዋርድ አንድ ጥያቄ ያንሣ፤ ሂናሪ በተባለው የመጽሔት ማግኛ ፕሮግራም በኩል በነፃ ከተከፈቱልን የጤና መጽሔቶች መልሱን ይፈልግ፤ ከነርሶቹ ጋር ሆኖ አንድ ልማድ ይቀይር፤ ምን እንደተለወጠ ይቁጠር፤ የመመረቂያ ነጥቡም በዚሁ ሥራ ይሰጠው ይላሉ። አደገኛ ሐሳብ ነው። ችግሩ ከምር ከተፈታ የከርሞ ተመራቂ ምኑን ያጠናል?