የጉልበት ዝውውር በመጋላ፦ ስለ ልጆች ሩጫና ስለ ታላላቆቻቸው የቀረበ ጥናት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልቡ ድው ድው እስኪል መንቀሳቀስ አለበት ይላል። በድሬዳዋው መጋላ ሰፈር ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ከቁርስ በፊት ይጨርስና ቀሪውን ቀን የታላቅ ወንድሙን ድርሻ ሲሮጥ ይውላል።

በምሁራን ዘንድ ልጅ ባደገ ቁጥር እንቅስቃሴው ይቀንሳል ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ መረጃ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ተብሏል። በአክብሮት እንቃወማለን። ጉልበት አይቀንስም፤ ወደ ታናሽ ይዛወራል።

ማስረጃችን ደቻቱ ነው። መጋላን ከከዚራ የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ የኳስ ሜዳ ነው። የቤልጂግ ተመራማሪዎች አሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ጉልበት እንደሚፈጅ በ1998 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። የደቻቱ አጥቂዎች ጥናቱን ባያነቡትም በሥራ ላይ አውለውታል። ኳስ ስትወጣ የ14 ዓመቱ አጥቂ ወገቡን ይዞ “ወሪያ! ኳሷን!” ይላል። የአሥር ዓመቱ ተከላካይ ትእዛዙን ሳይቀንስ ሳይጨምር ለስምንት ዓመቱ ያስተላልፋል። በመጨረሻ የሚሮጠው “ገና ትንሽ ነህ” ተብሎ ከጨዋታው የተከለከለው ልጅ ነው። የጎሉ ቋሚ የተሠራው ከእሱ ነጠላ ጫማ ስለሆነ በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ አሸዋው ደግሞ ፀሐይ ሲጠጣ ውሏል። ከሁሉም ፈጣን የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

በሴቶች በኩል ዝውውሩ ጀርባ ላይ ነው። በዚያው መረጃ በቂ የማይንቀሳቀሱት ወንዶች 78፣ ሴቶች 85 በመቶ ናቸው። ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ በአንድ እግሯ ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል የመጋላ ልጅ ግን ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠር ግልጽ አይደለም። መጠይቁ ስንት ቀን እንደተንቀሳቀሰች እንጂ ማንን ተሸክማ እንደሆነ አይጠይቅም።

ከቀትር በኋላ ዝውውሩ ጫፍ ይደርሳል። አባወራው ሽርጡን አገልድሞ፣ ትራስ ተደግፎ ጫቱን ይቀነጥሳል። ከጣቱና ከመንጋጋው በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ሆኖም ቀዝቃዛ ውሃው፣ ለውዙና የሞባይል ካርዱ በየተራ ይደርሱታል። በስሙ የተሮጠው ቢደመር ጤናማ ሰው ነው።

ያልተፈታ አንድ ክስተት አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲራገጥ የዋለ ልጅ እናቱ ለከሰል ስትልከው በቅጽበት “አቦ ደክሞኛል!” ይላል።

ዝውውሩን ራሱን ለመፈተን አጥኚው ጥላ ሥር እንደተቀመጠ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ውሃ እንዲገዛለት ላከ። ልጁ ብሩን ተቀብሎ ለታናሹ ሰጠው። ታናሹ ዞር ብሎ ከኋላው ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሮጠ።